አሮጌ የአሜሪካ የኪስ ሰንጢ፦ ሳትሸወዱ ለመግዛት፣ ሳታበላሹ ለማጽዳት

አሮጌ የአሜሪካ ሰንጢ መሰብሰብ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ሲገዙ ነው። የፋብሪካውን ስም ብቻ አይተው ገንዘብ ያወጣሉ። ሁለተኛው ቤት ሲደርሱ ነው። «እስቲ ትንሽ ላሳምረው» ይሉና ብርጭቆ ወረቀት ያነሳሉ። ስድሳ ዓመት የቆየ ሰንጢ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዋጋው ግማሽ ይሆናል። ሰብሳቢ ገንዘብ የሚከፍለው ፋብሪካው ለሠራው ልስላሴና ለመታው ማህተም ነው። ሁለቱም አንዴ ከተፈተጉ አይመለሱም።

እዚህ የማወራው ስለ ባህላዊው ዓይነት ብቻ ነው፦ መቆለፊያ የሌለው፣ በጥፍር የሚከፈት፣ ስለቱን የጀርባ ሞላ ብቻ የሚይዘው። እንደ በክ 110 ያሉ የሚቆለፉት የራሳቸው ጣጣ ስላላቸው ትቻቸዋለሁ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ በተለይ ደረጃ 3ን እና 4ን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

መጀመሪያ መስመር ያዙ። ደስ ያለውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የሚኖረው አንድ ካርቶን ሙሉ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ወይ አንድ ፋብሪካ፣ ወይ አንድ ሞዴል፣ ወይ አንድ ዘመን ምረጡ። እኔን ብትጠይቁኝ ለጀማሪ ከእነዚህ አይወጣም፦

* የሽሬድ ኦልድ ታይመር። በተለይ 8 ኦቲ እና 34 ኦቲ የሚባሉት ሞዴሎች። እጀታው ዴልሪን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃም ዘይትም አያስፈራውም። በብዛት ስለተሠራ ርካሽ ነው። የኒው ዮርኩ ኢምፒሪያል ሽሬድ በ2004 ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቻይና በተሠሩ ሰንጢዎች ላይ ስለሚገኝ ማህተሙን ማንበብ የግድ ነው።
* የካሚለስ የወታደር ሰንጢ። ከላይ እስከ ታች የማይዝግ ብረት ነው፤ እጀታው ላይ «ዩ ኤስ» የሚል ጽሑፍ አለው። የተሠራበት ዓመት ስለቱ ሥር ላይ ስለሚጻፍ ዕድሜ መገመት አያስፈልግም። ፋብሪካው በ2007 ተዘግቷል።
* የኬስ ስቶክማን (ባለ ሦስት ስለት) ወይም ትራፐር (ባለ ሁለት ስለት)። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ዓመቱን ለማወቅ የሚያስችል ግልጽ የነጥብ ሥርዓት አለው። ደረጃ 2 ላይ እመለስበታለሁ።

ከእነዚህ በፊት ለልምምድ አንድ የተጣለ ዕቃ ግዙ። የኢምፒሪያል ካምፕ ኪንግ ጥሩ ነው፤ እጀታው በቀጭን ቆርቆሮ ላይ የተለበጠ ርካሽ ሰንጢ ስለሆነ ቢበላሽም አያስለቅስም።

ቀጥሎ ዕቃችሁን አዘጋጁ፦

* 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር እና ትንሽ ባትሪ
* ነጭ የጥጥ ጨርቅ (ነጭ መሆኑ ቆሻሻ ለማየት ይጠቅማል)
* ስቴኪኒ፣ የጆሮ ጥጥ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
* ከፋርማሲ የሚገዛ ሚኒራል ኦይል
* ደቃቅ ስቲል ውል (እንደ ጥጥ የሳሳ የብረት ክር)፣ ቁጥሩ 0000 የሆነ
* ከ1982 በፊት የተሠራች አንድ የአሜሪካ ሳንቲም (ፔኒ)። ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።
* ዝርዝር ዶላር። መቶ ዶላር ዘርግቶ አሥራ አምስት ዶላር ላይ መከራከር አያምርም።

ደረጃ 2፦ የስለቱን ሥር ማንበብ ተማሩ

ስለቱን ስትከፍቱ፣ ከሚቆርጠው ጠርዝ በታች፣ ወደ እጀታው የሚገባው ሰፊ የብረት ክፍል አለ። እኔ «የስለት ሥር» እለዋለሁ። የሰንጢው የልደት ካርድ እሱ ነው። የፋብሪካው ስም፣ ከተማው፣ አንዳንዴም የሞዴሉ ቁጥር እዚያ ይመታል።

የኬስ አነባበብ እንዲህ ነው። ኩባንያው ከ1905 ጀምሮ ፔንስልቬንያ ውስጥ ብራድፎርድ ነው ያለው። ማህተሙ ግን ተቀያይሯል፦

* «ኬስ ቴስትድ ኤክስኤክስ» የሚል ከሆነ፦ ከ1920 እስከ 1940
* «ኬስ ኤክስኤክስ» ብቻ፣ አገር ሳይጠቅስ፦ ከ1940 እስከ 1964
* «ኬስ ኤክስኤክስ» ከሥሩ «ዩ ኤስ ኤ»፣ ነጥብ የለውም፦ ከ1965 እስከ 1969
* ያው ጽሑፍ ሆኖ ከሥሩ ነጥቦች ካሉት፦ 1970ዎቹ

ነጥቦቹን ቁጠሩና ከ1980 ላይ ቀንሱ። በ1970 አሥር ነጥብ ነበር፤ በየዓመቱ አንድ እየተነሳ በ1979 አንድ ቀረ። ሰባት ነጥብ ካያችሁ 1973 ነው ማለት ነው። በ1980 እንደገና ከአሥር ጀመሩ። እዚህ ነው ሰው የሚሸወደው። መለያው የ«ኤስ» ፊደል ነው፦ በ1980ዎቹ እንደ መብረቅ ተሰባብራ ነው የምትጻፈው። መብረቅ ካለ ከ1990 ላይ ቀንሱ።

የሞዴል ቁጥሩም ይነበባል። 6254ን ውሰዱ። የመጀመሪያው አሃዝ የእጀታው ዓይነት ነው፤ 6 አጥንት ማለት ነው። ሁለተኛው የስለት ብዛት ነው፤ ሁለት ስለት። የቀረው 54 የሞዴሉ ስም ነው፤ ትራፐር። 3318 ደግሞ ቢጫ ሰው ሠራሽ እጀታ፣ ሦስት ስለት፣ ስቶክማን ነው። 5 ካያችሁ የአጋዘን ቀንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ 5 ብሎ እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ አንድ ሰው እጀታውን ቀይሮታል። በጣም አሮጌዎቹ ላይ ቁጥሩ ላይኖር ይችላል፤ በዚያ አትደንግጡ።

በሽሬድ ላይ «ሽሬድ ዋልደን» ካለ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠራ ነው። «ሽሬድ ዩ ኤስ ኤ» ካለ ከዚያ እስከ 2004 ድረስ ያለው ነው። አገር ካልተጻፈበት አስቀምጡትና ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ሂዱ።

ሬሚንግተን ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ፋብሪካው ሰንጢ የሠራው ከ1920 እስከ 1940 ነው። እጀታቸው ላይ ጥይት የሚመስል ምልክት ያለባቸው፣ በተለይ አር 1123 የሚባለው፣ ውድ ናቸው። ከ1982 ጀምሮ ደግሞ በዚያው ስም በየዓመቱ መታሰቢያ ሞዴል ወጥቷል። መታሰቢያው ራሱ ጥሩ ሰንጢ ነው፤ ችግሩ በአሮጌው ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው።

ደረጃ 3፦ ጠረጴዛው ፊት እንዴት ትቆማላችሁ

ጥሩ ሰንጢ የሚገኘው በፍሊ ማርኬት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ)፣ በያርድ ሴል (ሰው ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ)፣ ሰው ሲሞት ቤቱ ውስጥ በሚደረግ ሽያጭ እና በሰንጢ ትርዒቶች ነው። ትልቁ ትርዒት በየዓመቱ አትላንታ የሚካሄደው ብሌድ ሾው ነው። እዚያ ከተማ ያላችሁ ሐበሾች ሆቴል የማትከፍሉበት ዕድለኞች ናችሁ። በየግዛቱ ያሉ የሰብሳቢ ማኅበራትም ትናንሽ ትርዒቶች ያዘጋጃሉ። ለመማር ትንሹ ይሻላል፤ ሽማግሌዎቹ ጊዜ አላቸው፣ ማውራትም ይወዳሉ።

ደንቡ ያልተጻፈ ነው፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል፦

1. ሳትጠይቁ አታንሱ። «ልየው?» ማለት ይበቃል።
2. ሳትጠይቁ አትክፈቱ። አንዳንዱ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም፤ ሻጩም እንደዚያው ሊሸጠው ይፈልጋል።
3. አንድ ስለት ብቻ ክፈቱ፤ እሱን ዘግታችሁ ሌላውን።
4. ስትዘጉ ለቃችሁ አታስጮኹት። ስለቱ ሞላውን ሲመታ ጠርዙ ይጎዳል፤ ሻጩም ፊቱ ይጠቁራል። በጣታችሁ እየደገፋችሁ ወደ ቤቱ አስገቡት።
5. የነካችሁትን ብረት በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ዘግታችሁ መልሱ። የጣት ላብ በካርቦን ብረት (በሚዝገው ዓይነት) ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዝገት ይሆናል። ይህችን አንዲት ነገር ስታደርጉ ያየ ሻጭ ከጠረጴዛው ሥር ያስቀመጠውን ሳጥን ሊያወጣላችሁ ይችላል።
6. ዋጋ ለማስቀነስ ዕቃውን አታጣጥሉ። «ከዚህ የምትቀንስልኝ ነገር አለ?» በሉ። ሌላ ሰው እየተደራደረ ከሆነ ጣልቃ አትግቡ።

ደረጃ 4፦ ሳትከፍሉ መርምሩ

ይህ ደረጃ ነው ገንዘባችሁን የሚያድነው። ፍጥነት አያስፈልግም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሀ. እንደተዘጋ። ከጎን አግድም ያዙትና የስለቶቹን ጫፍ እዩ። ጫፉ በእጀታው ውስጥ ተደብቆ መተኛት አለበት። ወደ ላይ ብቅ ካለ ወይ ስለቱ ያለ አግባብ ተስሏል፣ ወይ ሥሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ (ስለቱ ሞላው ላይ እንዳያርፍ የምትከለክለው) ተሞርዳለች፣ ወይ ስለቱ የሌላ ሰንጢ ነው። እንዲህ ያለ ሰንጢ ኪስም ጣትም ይቆርጣል። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አዙሩት። በጀርባው ሞላና ከእጀታው ውስጥ በተለበጠው ናስ መካከል ብርሃን ካለፈ ሰንጢው ላልቷል ወይም ተፈትቶ ተገጥሟል።

ለ. ሲከፈት። ጥሩ ሰንጢ ሲከፈት ቀጭ ይላል፤ ሲዘጋም እንደዚያው። ሰብሳቢዎቹ «ይራመዳል፣ ይናገራል» ይሉታል። ስለቱ መጨረሻው ላይ በራሱ ጉልበት ካልዘለለና እንደ ደከመው ሰው እየተንቀረፈፈ ከገባ ሞላው ሞቷል ወይ ቆሻሻ ሞልቶታል። በባትሪ ውስጡን እዩ። ጥቁር ጭቃ ካያችሁ ተስፋ አለ። ሞላው ላይ አግድም ስንጥቅ ካያችሁ የለም፤ ተዉት።

ሐ. ግራ ቀኝ። ስለቱን ከፍታችሁ ከጠርዙ ርቃችሁ ጀርባውን ያዙና ግራ ቀኝ ወዝውዙ። ለሥራ በዋለ አሮጌ ሰንጢ ላይ ትንሽ ንቅናቄ ያለ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ራቁ።

መ. የስለቱ ሙላት። በጣም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። አሮጌ ስለት ለዓመታት በሞረድ ሲሳል ይቀጥናል፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ አጠገብ ያለውን ወርድ ከመሃሉ ጋር አስተያዩ። ከሥሩ ወዲያ ደረጃ ሠርቶ ወደ ውስጥ ከገባ ብዙ ብረት ሄዷል። ፎቶ ብቻ እያያችሁ የምትገዙ ከሆነ ያንኑ ሞዴል አዲስ ሆኖ የተነሳበትን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጉ። ስቶክማን ላይ ሦስቱንም ስለት አወዳድሩ። ረጅሙ አልቆ፣ ኮርማ ለማኮላሸት የተሠራው አጭሩ ግን ሙሉ ሆኖ ማየት የተለመደ ነው፤ የከተማ ሰው አጭሩን ምን ያደርግበታል።

ሠ. ማህተሙ በማጉያ። የድሮው ማህተም በብረት ላይ የተመታ ነው። በማጉያ ስታዩት የፊደሉ ግድግዳ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውስጡ ከስለቱ እኩል ያረጀ፣ የጠቆረ ነው። አሁን በአሲድ ወይም በማሽን የተጻፈ ግን ጥልቀት የለውም፤ ግርጌው ሻካራ ወይም የሚያብረቀርቅ ነው። የፊደሎቹ ጠርዝ ቀልጦ የፈሰሰ ከመሰለ ሰንጢው በማሽን ተወልውሏል። የሥሩን ሌላኛ ጎንም አዙራችሁ እዩ። የተፋቀ ቦታ ካለ የሌላ አገር ስም ተፍቆ ሊሆን ይችላል።

ረ. ስለቶቹ ወንድማማች ናቸው? አንዱ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ሌላው ካበራ አንዱ ተቀይሯል። የጥፍር ማስገቢያዎቹ አቆራረጥም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በእጀታው ጫፍ ባለው ነጭ ብረት ላይ ስለቱን የያዘው ሚስማር ዙሪያውን ክብ ሠርቶ ከታየ ሰንጢው ተፈትቶ ሊሆን ይችላል። አሮጌዎቹ ላይ ሚስማሩ ከብረቱ ጋር ተስተካክሎ ስለተሞረደ አይታይም።

ሰ. እጀታው። አጥንት ነው ወይስ ፕላስቲክ? በማጉያ አጥንት ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችና መስመሮች ይታያሉ፤ ደም ሲያልፍባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ናቸው። ፕላስቲክ ላይ የሉም። መርፌ አግላችሁ አትውጉት። አንዳንዱ ይመክራል፤ እኔ የሰው ዕቃ ላይ ቀዳዳ አልሠራም። በነገራችን ላይ ኬስ የሚጠቀመው የብራዚል ዜቡ ከብት የእግር አጥንት ነው፤ ሻኛ ያለው፣ የኛ የቦረናው ዘመድ። በሚስማሮቹ ዙሪያ የፀጉር ስንጥቅ ፈልጉ። ስንጥቅ ዋጋ መቀነሻ ነው፤ ካልተነገራችሁ ተናገሩ።

ሸ. አሽትቱት። አዎ፣ አሽትቱት። የካምፎር ወይም የአሲድ ሽታ ካለው፣ እጀታው ከተጨማደደ፣ ከጎኑ ያለው ናስ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው፤ መበስበስም ጀምሯል። የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያሉትን ብረቶች ሁሉ ያዝጋል። አንድ የታመመ ሴሉሎይድ ሙሉ መሳቢያ ይፈጃል። በቀላሉም ይቃጠላል። ለጀማሪ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደረጃ ስጡት። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ማኅበር ልማድ እንዲህ ነው። ፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ኪስ ገብቶ የማያውቅ «ሚንት» ይባላል። ከስለቱ አሥር ከመቶ ያልበለጠ ያለቀበት፣ እጀታው ያልተሰነጠቀ «ኤክሰለንት» ነው። ሩብ ያህሉ ያለቀ፣ ማህተሙ ግን በግልጽ የሚነበብ «ቬሪ ጉድ»፤ ግማሹ ያለቀና ስለቱ የሰነፈ «ፌር» ነው። ከዚያ በታች ለመለዋወጫ ብቻ ነው። ሻጮች አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው መጥራት ይወዳሉ። ኢቤይ ላይ ዋጋ ስታጣሩ ሰው የጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ።

ደረጃ 5፦ ማጽዳት

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፦ ማጽዳት አለበት? ሚንት ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡ፤ አትሳሉት፣ አትወልውሉት።

ግራጫ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ለስላሳ ከሆነ የዕድሜ ቀለም ነው፤ ብረቱን ይጠብቃል፣ ሰብሳቢም ይወደዋል፣ አይነካም። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ጣት ላይ ዱቄት የሚተው ግን ዝገት ነው፤ እሱ መቆም አለበት። የምናጸዳው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

1. ፎቶ አንሱ። ከሁለቱም ጎን፣ ማህተሙንም።
2. በደረቁ ጀምሩ። በስቴኪኒ ከእጀታው ውስጥ ያለውን የኪስ ብናኝ አውጡ። በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ አይሆንም፤ ናሱን ይፍቃል።
3. ዘይት ጣሉ። ስለቱ ወደ እጀታው በሚገባበት መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ሚኒራል ኦይል። ቀስ እያላችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ ክፈቱ ዝጉ። ወዲያው ጥቁር ቅባት ከመገጣጠሚያው ላብ ላብ ማለት ይጀምራል። የብረት ብናኝ፣ አሮጌ ዘይት፣ የስንት ዓመት ኪስ ነው። በነጩ ጨርቅ ጥረጉትና ሌላ ጠብታ ጣሉ። ከጥቁር ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ጨርቁ ላይ ንጹሕ ዘይት ብቻ እስኪቀር ድረስ አታቁሙ። ገበያ ላይ «ሰነፍ» የነበረ ስለት እዚህ ላይ ድንገት ቀጭ ማለት የሚጀምርበት ጊዜ አለ።
4. ሳሙና ለፕላስቲክና ለወታደሩ ብቻ። ዴልሪንና ሙሉ ብረት የሆነውን በሞቀ ውሃ፣ በላርጎና በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ትችላላችሁ። ወዲያው አድርቁ፣ ዘይት ጣሉ። አጥንት፣ ቀንድና እንጨት ግን ውሃ ውስጥ አይገቡም፤ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ።
5. ዝገቱን አርጥቡ። ቀይ ነጥቦቹ ላይ ዘይት ቀብታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት።
6. በሳንቲም ፋቁ። ከ1982 በፊት የተሠራችው ፔኒ አብዛኛዋ መዳብ ነች። መዳብ ከስለቱ ብረት ይለሰልሳል። ስለዚህ ዝገቱን ታነሳለች፣ ስለቱን አትጭርም። በጠርዟ ቀስ ብላችሁ ፋቁ። ከዚያ ወዲህ የተሠራችው ፔኒ ውስጧ ዚንክ ስለሆነ ለዚህ አትሆንም።
7. የቀረውን በስቲል ውል። 0000ውን በዘይት ነክራችሁ ዝገቱ ላይ ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በሥሱ። ማህተሙን አትንኩ። ስለቱ ፊት ላይ በአሲድ የታተመ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ካለ ከእሱም ራቁ፤ እሱ በሦስት አራት ምት ይጠፋል።
8. ጥረጉ፣ እዩ፣ አቁሙ። ዝገቱ ተነስቶ ጥቁር ጉድጓድ ከቀረ ይቅር። ጉድጓድ ለማጥፋት ዙሪያውን መፈተግ ማለት ስለቱን ማቅጠን ማለት ነው።

የተከለከሉት እነዚህ ናቸው፦ ብርጭቆ ወረቀት፣ በመሰርሰሪያ የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ፣ የሚያብረቀርቅ የማሽን ውልወላ፣ ሰንጢውን በሙሉ ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ማፍላት። ሁሉም ቪዲዮ ላይ ያምራሉ።

ነገር ሲበላሽ

ስለቱ አልከፈት ካለ። ጥፍራችሁን አትስበሩ፤ ፒንሳም አታንሱ። ፒንሳ ስለቱን ያጣምማል፣ ምልክቱም ለዘላለም ይቀራል። መገጣጠሚያው ላይ ዘይት ጥላችሁ አንድ ቀን ተዉት። ከዚያ የጊታር መምቻን የመሰለ ቀጭን ፕላስቲክ የጥፍር ማስገቢያው ውስጥ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ መልሳችሁ ዝጉና ደግሞ ዘይት ጣሉ። እጃችሁ ከጠርዙ ፊት እንዳይሆን፤ የተጣበቀ ስለት ሲለቅ ድንገት ነው።

ከጸዳ በኋላም ስለቱ ከተነቃነቀ። የጫፉን ብረት በጉጠት ጨምቁ ወይም ሚስማሩን በመዶሻ ምቱ የሚሏችሁ አሉ። ለልምምዱ ካምፕ ኪንግ ይሁን። ዋጋ ያለው ላይ አይሆንም፤ ካጠበቃችሁት በኋላ ስለቱ ጨርሶ አልላወስ ሊል ይችላል።

አጥንቱ ከተሰነጠቀ። ሱፐር ግሉ አታንሱ። ፈሳሹ ወደ ገጹ ይወጣና አይለቅም። እንዳለ ተዉት፤ ስትሸጡ ተናገሩ።

ቀድሞውኑ ወልውላችሁት ከሆነ። እንግዲህ ሰንጢው የሥራ ሰንጢ ሆኗል፤ ተጠቀሙበት። ፖምና ብርቱካን ቁረጡበት፤ የካርቦን ብረት ከሆነ በራሱ ጊዜ ግራጫ ይሆናል። በሰናፍጭ ወይም በኮምጣጤ አስገድዶ ማጥቆርም ይቻላል። ግን ያንን «የድሮ ነው» ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው። የጠፋ ማህተም መልሶ መጻፍም እንደዚያው።

ከቆረጣችሁ። በንጹሕ ጨርቅ ጨምቃችሁ ያዙ፣ እጠቡ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም የቲታነስ ክትባታችሁ ከቆየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ አቀማመጥ

ስለቱን በሥሱ ሚኒራል ኦይል ቀቡ። የወይራም ሆነ የኑግ ዘይት አይሆንም፤ ይበላሻል፣ ይጣበቃል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ሬኔሳንስ ዋክስ የሚባለውን ሰም ቀቡ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ለራሱ ዕቃዎች ያዘጋጀው ነው።

በቆዳ ሰገባ ውስጥ አታኑሩ። ቆዳ ሲለፋ የሚገባበት ኬሚካል ብረት ያዝጋል፣ ናስ ያረነጉዳል። በጎማ ላስቲክም አስራችሁ አታስቀምጡ፤ ጎማ ውስጥ ድኝ አለ። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጡ ትናንሽ ከረጢቶች ጨምሩበት። ሴሉሎይድ ካላችሁ ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት፣ ከሌሎቹ ርቆ ይቀመጥ። በየሦስት ወሩ ሁሉንም አውጥታችሁ እዩ፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ያላችሁ በየወሩ።

ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ጻፉ፦ ማህተሙ፣ ቁጥሩ፣ የገዛችሁበት ቀንና ዋጋ፣ ያደረጋችሁት ጽዳት። ስትሸጡ ወይም ስትለዋወጡ ካርዱ አብሮ ይሂድ።

ደረጃ 7፦ ይዛችሁ ስትወጡ

አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ከግዛት ግዛት፣ አንዳንዴም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ስለቱ አራት ኢንች የሞላ ሰንጢ በአደባባይ መያዝ ክልክል ነው። ከአራት ኢንች በታች የሆነውም ቢሆን በግልጽ መታየት የለበትም። ቺካጎ ከሁለት ኢንች ተኩል በላይ የሆነውን ደብቆ መያዝ አይፈቅድም። በፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንፃዎችም ገደቡ ሁለት ኢንች ተኩል ነው፤ ለኢሚግሬሽን ቀጠሮ ስትሄዱ ግን ጭራሽ ቤት ተዉት። ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤትም እንደዚያው።

አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ትንሹም ቢሆን። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስገቡ። እጀታው የዝሆን ጥርስ ወይም የኤሊ ቅርፊት ከሆነ ከአገር ወደ አገር አታሻግሩት፤ ጉምሩክ ይወርሰዋል፣ ቅጣትም አለው። ጠዋት ከቤት ስትወጡ የቁልፍ መያዣችሁንም ፈትሹ። በጣም ብዙ ሰንጢ ፍተሻ ላይ የሚቀረው ሰው ይዞት መሄዱን ረስቶ ነው።